ጋቢናው ሲነሣ፦ ካሚዮንና ቀጥቃጭ በአገራችን ታሪክ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ለልዩ ልዩ ጉዳይም ምሳሌ እያደረግን ተናግረነዋል። ብረቱን በእውነት የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ አስበነው አናውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት በቢቸና ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ ያየነው ሥራ ይህን ጒድለታችንን ገለጠልን። ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመጽሔቱ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ስለ አንድ አሮጌ ካሚዮንና ስለ ጠገኑት እጆች ብንጽፍ ይሻላል ብለን የወሰንነው ስለዚህ ነው።

ክቡራን መምህራንና ወላጆች፣ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቻችን ሆይ! ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ከአባቱ የወረሰው አንድ ካሚዮን ነበረው። ካሚዮኑ በኢጣልያ አገር የተሠራ ፊያት 682 ሲሆን፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት ዐይነት ነው። ለብዙ ዓመታት ያለ ሥራ በመቆሙ በጋቢናው ውስጥ ዶሮዎች ያድሩበት ነበር። አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ ሰዎች በኪሎ ሊገዙት መጡ። ነጋዴው ግን የአባቱ እንጀራ የተጋገረበትን መኪና በሚዛን መሸጥ ከበደውና ከሞጣ አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ አስጠራ። ሽማግሌው ከመኪናው ሥር ገብተው ቴላዮውን፣ ማለት ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጥንት፣ በመዶሻ እየመቱ ድምፁን አዳመጡ። ከወጡም በኋላ «አጥንቱ ደኅና ነው፤ የታመመው ራሱ ነው» አሉ። ስለዚህ የዛገው ጋቢና እንዲነሣና በቴላዮው ላይ አዲስ ጋቢና እንዲሠራ ስምምነት ሆነ። እኛም የክረምት ዕረፍት ላይ ስለ ነበርን በቀን ሠራተኛነት ለማገዝ ገባን።

የሽማግሌው ልጅ የክፍላችን ተማሪ ነው። ይህን ያነሣንበትን ምክንያት ወደ ኋላ እንገልጣለን። አስቀድመን ግን እንዲህ ያለ ካሚዮንና እንዲህ ያለ ሠሪ በአገራችን እንዴት እንደ ተገናኙ ታሪኩን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ «እንደ አውሮፓ አቈጣጠር» ካላልን በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በዓመተ ምሕረት የተቈጠሩ ናቸው።

ከሞተር በፊት

በአገራችን ብረት ማቅለጥና መቀጥቀጥ እጅግ የቆየ ሙያ ነው። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያውና ጦሩ ሁሉ ከቀጥቃጭ እጅ የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ገበሬው በማረሻው እየበላ፣ ወታደሩም በጦሩ እየተመካ፣ ሁለቱም የሠሪውን ስም ይንቁ ነበር። ቀጥቃጭ «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል» ይባላል። በብዙ ቦታም ርስት አይሰጠውም፤ ከሌላው ወገን ጋር በጋብቻ አይተሳሰርም ነበር። ማረሻ የሌለው ገበሬ ምን ሊሆን እንደሚችል የጠየቀ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይህን ነገር ከተመለከቱት ነገሥታት አንዱ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከሞጣ በዓባይ ማዶ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት፣ ከአውሮፓ የመጡ የሚሲዮን የእጅ ባለ ሙያዎችን ከአገሬው ሠራተኞች ጋር አሰልፈው መድፍ ያሠሩ ነበር። በልጅነታችን በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጋፋትን ታሪክ መምህራኖቻችን ደጋግመው ነግረውናል። ከዚያ የወጣው ታላቁ መድፍ «ሴባስቶፖል» በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ላይ ሆኖ በብዙ ሰዎች ጒልበት እስከ መቅደላ ተጐተተ። ለማለፊያውም መንገድ በየገደሉ ተቈረጠለት። ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ከባድ ነገር ለመጓዝ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ እነርሱም መንኰራኵር፣ መንገድና ብረት የሚያውቅ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን የጐደለው አራተኛው ነገር ሞተር ነበር።

ሞተር ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። መጀመሪያ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ቀጥሎም በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ አውቶሞቢል ይዞ ከጠረፍ እስከ ዋና ከተማው ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም በመኪናው ተደሰቱበት።

በዚሁ በ1900 ዓ.ም. አንድ ሌላ ነገር ተደረገ። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ሁሉ በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር ገቡ። እኛ እንደሚመስለን የአውቶሞቢሉ መምጣትና ይህ አዋጅ በአንድ ዓመት መዋላቸው እንዲሁ የሆነ ግጥጥሞሽ ነው። ነገር ግን አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ግጥጥሞሽ ነው። መኪና የሚገባበት አገር ብረት ሠሪውን እየሰደበ ሊኖር አይችልምና። መኪናው በዚያው ዓመት ከተማው ደርሶ ታየ፤ አዋጁ ግን ወደ ሰዎች ልብ ለመድረስ የበለጠ ረጅም መንገድ ነበረበት።

የኢጣልያ ካሚዮኖች

በአገራችን ካሚዮን በብዛት የታየው በክፉ ቀን ነው። ፋሺስት ኢጣልያ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረች ጊዜ ከአውሮፕላኑና ከመርዙ ጋር ብዙ ሺህ መኪናዎች በመርከብ አስመጣች። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የዘለቀው የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከአንድ ሺህ በሚበልጡ መኪናዎች የተጫነ ነበር። ከነዚያ ዘመን ካሚዮኖች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ የቀረው «ትሬንታ ኳትሮ» ነው። ይኸውም የፊያት ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1931 ያወጣው ፊያት 634 ሲሆን፣ በናፍጣ የሚሠራ ከባድ ካሚዮን ነበር። ኢጣልያኖች ራሳቸው «የመንገድ ዝሆን» ይሉታል።

ዝሆኑ ግን መንገድ ይፈልጋል። አርበኛው ፍየል በምትወጣበት ገደል ይወጣል፤ ካሚዮኑ ግን በተጠረገለት መስመር ብቻ ይሄዳል። የምሥራቅ ጎጃም ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት በሬን እንኳ እስከ ጒልበቱ የሚውጥ ነው። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በጠላት ላይ በተነሣ ጊዜ በየምሽጉ የተቀመጠው የጠላት ጦር ስንቁን ማግኘት የተቸገረው ስለዚህ ነው። በቢቸና አውራጃ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ በሌላውም ወገን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ልጅ ኃይሉ በለውና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ኖሩ። የአርበኞቹ ጠመንጃ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ጦራቸውንና ጎራዴአቸውን የሚስለው ያው የተናቀው የመንደር ቀጥቃጭ ነበር። በታሪክ መጻሕፍት ስሙ ባይጠራም ወናፉ በየዱሩ ይነፋ ነበር።

ድልድይም በዚያ ጦርነት እንደ መሣሪያ ተቈጥሯል። ከሞጣ ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ በዓባይ ላይ የቆመው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ መካከሉ የፈረሰው በዚያ ጊዜ ነው። ጠላት እንዳይሻገርበት አርበኞች አፈረሱት ይባላል፤ ስሙም «ስባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በገመድ እየተንጠለጠለ ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር ኖረ። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን የሳፈርታክ ድልድይ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. የሸሹት ኢጣልያኖች ራሳቸው አፈረሱት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲደርሱ ከኋላቸው ጎጃም ድልድይ ያጣ፣ ነገር ግን ነጻ የወጣ አገር ነበር።

ጠላት ጥሎት የሄደ ብረት

ጦርነቱ ሲያልቅ ኢጣልያኖች ብዙ ካሚዮን ጥለው ሄዱ። በየመንገዱ ዳር የተገለበጠ፣ ሞተሩ የነደደ፣ ጎማው የተፈታ መኪና ሞልቶ ነበር። ጥያቄው ይህ ሁሉ ብረት ምን ይሁን የሚል ነው። መልሱን የሰጡት ከኢጣልያኖች ጋራዥ ሙያ የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን መካኒኮችና አገር የለመዱ የውጭ ሰዎች ናቸው። ከሁለት የተሰበሩ መኪናዎች አንድ የሚሄድ መኪና ይወጣል፤ ወታደር ይጭን የነበረውም አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለት ሕዝብ ይጭናል። በአዲስ አበባ ከተማ የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት በ1935 ዓ.ም. የተጀመረው ከኢጣልያ ጦር በተረፉ ጥቂት መኪናዎች ነው። አንበሳ አውቶቡስ የተባለው ድርጅት ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ሊገዛን የመጣው ካሚዮን አሳፍሮ ወደ ገበያና ወደ ሥራ የሚወስደን ሆነ።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላም አገር ተደርጓል። የፊሊፒንስ ሰዎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ጦር ጥሏቸው የሄደውን ጂፕ ኋላውን አስረዝመው፣ ጣሪያ አበጅተውለት፣ በቀለም አስጊጠው «ጂፕኒ» የተባለውን የሕዝብ መኪና አድርገውታል። ስለዚህ የጦር ብረትን ለሰላም ሥራ መለወጥ የብዙ ሕዝቦች ጥበብ መሆኑን እናያለን።

ከብረቱ ጋር ቃሉም ቀረ። ጋቢና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሽማግሌው ብረት ሠሪ ኢጣልያ የት እንዳለች በካርታ አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ የኢጣልያንን ቃል ከእኛ ይልቅ አብዝተው ይናገራሉ።

ከነጻነት በኋላ መንገድ እንደ ገና ተያዘ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ ለሥራውም ከዓለም ባንክ ብድር ተገኘ። የዓባይ ድልድይም እንደ ገና ተሠራ። ዛሬ በአጠገቡ የቆመው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 የተመረቀ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያደርሰው የእኛ መንገድ ግን ለረጅም ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ኖሯል። በዚያ መንገድ ላይ የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ ወደ ዓባይ በረሃ ቍልቍለት ከወሰዱት መኪናዎች አንዱ ኤንትሬ ነው። የፊያት ፋብሪካ 682 የተባለውን ካሚዮን ማውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ነው። በአፍሪካ መንገዶች እጅግ ስለ በረከተም «የአፍሪካ ንጉሥ» የሚል ስም አግኝቷል። በዚያ ዘመን የኢጣልያ ከባድ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱም በቀኝ በኩል የሚነዳ ሾፌር በተራራ መንገድ ላይ ጎማው ከገደሉ አፋፍ ምን ያህል እንደ ራቀ በዓይኑ ለማየት እንዲችል ነው ይላሉ። የነጋዴው ካሚዮንም መሪው በቀኝ ነው።

ጋቢናው እንዴት እንደ ተነሣ

አሁን ወደ ቢቸናው ግቢ እንመለስ። የዛሬ ብዙ ትናንሽ መኪናዎች አካላቸውና አጥንታቸው አንድ ላይ የተሠራ ነው። ካሚዮን ግን እንደዚያ አይደለም። ቴላዮው ለብቻው ይቆማል፤ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ጎማውንና ጭነቱን የሚሸከመው እርሱ ነው። ጋቢናው በላዩ ላይ በቡሎን የታሰረ ቤት ነው። በቡሎኑ ሥርም ንዝረቱን የሚያበርድ ጎማ ይደረጋል። ስለዚህ ቤቱ ቢያረጅ መሠረቱን ሳያፈርሱ ሌላ ቤት ማቆም ይቻላል። ቀድሞ በአውሮፓም ቢሆን አንዱ ፋብሪካ ቴላዮና ሞተር ሲሸጥ፣ ጋቢናውንና ሌላውን አካል የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ የእጅ ባለ ሙያ ነበር።

መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ተፈታ፤ ውኃውና ናፍጣው ተንቈረቈረ። ኤንትሬ ሞተሩ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል፣ በጋቢናው ውስጥ ስለሆነ የሞተሩ ክዳን ወጣ። ቀጥሎ መሪው፣ የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ መርገጫዎች፣ የነዳጁ ዘንግ፣ የመብራቱ ሽቦ ሁሉ አንድ በአንድ ተለያየ። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ ሽቦ የጨርቅ ምልክት አሠሩልን፤ እኛም በደብተር ላይ ሥዕሉን ነደፍን። «ልጆቼ፣ መፍታት ቀላል ነው፤ መልሶ የሚገጥም ነው ሰው» ይሉን ነበር። የዛጉት ቡሎኖች ናፍጣ ተቀብተው አንድ ሌሊት አደሩ። በሩ ከወጣ በኋላ ጋቢናው እንዳይጣመም በበሩ ክፍተት ላይ አግድም ብረት ተበየደበት። የባሕር ዛፍ ግንዶች ሦስት ሆነው ቆመው ሰንሰለት ያለው ማንሻ ተንጠለጠለባቸው፤ በጋቢናውም ውስጥ በግራና በቀኝ በሮች በኩል ወፍራም አጣና ገባ።

ሽማግሌው «ቡሎኑ ሁሉ ተፈትቷል?» ብለው ጠየቁ። እኛም «አዎን፣ አባባ» አልን። ልጃቸው ግን «አባዬ፣ ከኋላ በግራ በኩል ጭቃ የሸፈነው ሌላ ያለ ይመስለኛል» አለ። ከእኛ አንዱ «አንተ ከእኛ ተሽለህ ልትቈጥር ነው?» አለው፤ ሌሎቻችንም ሳቅን። ሰንሰለቱን ሳብን። ጋቢናው በቀኝ በኩል ተነሣ፤ በግራ ግን አልተነሣም። ከዚያም እንደ ዛፍ ጮኸና የግራው ማዕዘን ተቀደደ። ሽማግሌው «አቁሙ!» ብለው በሰንሰለቱ ላይ ባይረባረቡ ኖሮ ጋቢናው በአንዳችን ላይ ይወድቅ ነበር። ዝቅ ብለን ስናይ ቡሎኑ ልጁ በተናገረበት ቦታ፣ በጭቃው ሥር ነበር።

ማንም አልሳቀብንም፤ ልጁም አንዳች አልተናገረም። እኛን ያሳፈረን ይህ ዝምታ ነው። በሰባተኛ ክፍል ሳለን ይህን ልጅ «የቀጥቃጭ ልጅ» እያልን በአግዳሚ ወንበር ላይ ከጎኑ መቀመጥ እንሸሽ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን ተምረን፣ በፈተናም ላይ ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበት ነበር። ልባችን ግን ያንን ፈተና አላለፈም ነበር። ቡሎኑን ያላየነው ጭቃ ስለ ሸፈነው ብቻ አይደለም፤ የተናገረውን ሰው ስለ ናቅን ነው። በመጽሔት ላይ ስሕተትን መጻፍ የሚያሳፍር ቢሆንም ታሪክ የሚጽፍ ሰው የራሱን ደብቆ የሌላውን ብቻ ሊገልጥ አይገባውም ብለን ጻፍነው። ልጁንም በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቀነዋል።

ብረቱ የነገረን ታሪክ

በማግስቱ ጋቢናው በደኅና ተነሥቶ በእንጨት ላይ ተቀመጠ። ወለሉን ስንገለብጥ ያልጠበቅነውን ነገር አየን። ቀለሙ አንድ አልነበረም፤ ከላዩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያም ሥር የፋብሪካው ነበር። ላሜራውም አንድ አልነበረም። በሾፌሩ እግር ሥር የነበረው ቦታ በበርሜል ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ የበርሜሉ ጽሕፈት ግማሹ ገና ይነበባል። ከወንበሩ ሥር የዋንዛ እንጨት ገብቷል። በኋላ በኩል ደግሞ ሳይበየድ በትናንሽ ምስማሮች ተጠርቆ የተያያዘ ላሜራ ተገኘ።

ሽማግሌው ያን ላሜራ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም «ይህን የመታው አባቴ ነው» አሉ። እንዴት እንዳወቁ ብንጠይቃቸው፣ በሞጣ መብራት ስላልነበረ ያን ጊዜ ብየዳ እንደማይቻል፣ አባታቸውም የምስማሩን ራስ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ከጎን፣ አንድ ጊዜ ከላይ ይመቱት እንደ ነበረ አስረዱን። እኛም ምልክቱን ቈጥረን እንዳሉት ሆኖ አገኘነው። ባለ መኪናው ነጋዴ የአባቱ ካሚዮን በዚያ ሰው እጅ ማለፉን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ያን ላሜራ ከአሮጌው ጋቢና ቈርጠው በአዲሱ ወለል ላይ እንዲያስገቡት ለመናቸው፤ እርሳቸውም እሺ አሉ።

የታሪክ መምህራችን ጥንታዊ ብራና ሲመረመር ከጽሕፈቱ ሥር የተፋቀ ሌላ ጽሕፈት አንዳንድ ጊዜ እንደሚገኝ ነግረውናል። ይህ ጋቢና እንደዚያ ያለ ብራና ሆኖ ታየን። ፋብሪካው የጻፈው የላይኛውን ገጽ ነው። ከሥሩ ግን ስማቸው በወረቀት ያልሰፈረ ሰዎች በመዶሻ ጽፈውበታል። «ይህ ካሚዮን የማን ሥራ ነው?» ቢባል የኢጣልያ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ቅጥቅጥ

ዛሬ በአገራችን መንገድ «ቅጥቅጥ» የሚባል አውቶቡስ አለ። ብዙውን ጊዜ መነሻው አይሱዙ የተባለው የጃፓን የጭነት መኪና ነው። ባለ ሙያዎቻችን ጋቢናውን አንሥተው፣ በቴላዮው ላይ የብረት አጽም በይደው፣ ላሜራ አልብሰው፣ ወንበርና መስታወት ገጥመው የሕዝብ ማመላለሻ ያደርጉታል። ሕዝቡ ስም ሲያወጣለት የኩባንያውን ስም አልሰጠውም፤ የሠሪውን ግብር ሰጠው። «ቅጥቅጥ» ማለት የተቀጠቀጠ ማለት ነውና። ቀድሞ ስድብ የነበረው ቃል ዛሬ በየመናኸሪያው የመኪና ስም ሆኖ ይጠራል። ሰውም ገንዘብ ከፍሎ ይሳፈርበታል።

ነገር ግን ስናመሰግን ብቻ ልንቀር አይገባንም። በእጅ ብልሃት ብቻ የተሠራ አካል አደጋ ሲደርስበት ሊታጠፍ ይችላል። ቴላዮው ለእህል የተሰላ ሲሆን ሰው ሲጫንበት ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ ጣሪያው ከፍ ካለ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ሚዛኑ ይናጋል። ይህን በፊዚክስ ትምህርታችን የክብደት ማዕከል በሚለው ምዕራፍ ተምረነዋል። እንግዲህ ጒድለቱ ያለው በቀጥቃጩ ብቻ አይደለም። እርሱ መዶሻ አለው፤ ስሌቱ ግን የለውም። እኛ ስሌቱ አለን፤ ጭቃ የሸፈነውን ቡሎን ግን ማየት አንችልም። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ግቢ ካልተገናኙ ጋቢናው በአንድ ወገን ብቻ ይነሣል። ያ ደግሞ ምን እንደሚያደርስ በዓይናችን አይተናል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ገለጥነው፣ መኪና ወደ አገራችን በ1900 ዓ.ም. ገባ፤ ሠራተኛን ከስድብ የሚጠብቀው አዋጅም በዚያው ዓመት ወጣ። ካሚዮን በ1928 ዓ.ም. ለወረራ መጣ፤ ከነጻነት በኋላ ግን በአገሬው እጅ እየተፈታና እየተገጠመ ለሕዝብ አገልግሎት ዋለ። ይህን ለውጥ ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ወናፍ ሲነፉ የኖሩ፣ ማንም ከጎናቸው ሊቀመጥ የማይፈልግ ሰዎችም ናቸው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ልግባ ቢላችሁ እንደ ውድቀት አትቍጠሩበት። መምህራኖቻችን ሆይ፣ ብረት ሠሪውን አንድ ቀን ወደ ክፍላችን ጋብዙልን፤ እኛም ወደ ግቢው እንሂድ። ታናናሾቻችን ሆይ፣ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ልጅ በአባቱ ሥራ አትጥሩት፤ ብትጠሩትም በክብር ይሁን።

የነጋዴው ካሚዮን ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ ገና አልተጨረሰም። የአዲሱ ጋቢና አጽም ቆሟል፤ በሩ ገና ነው። መሪው እንደ ቀድሞው በቀኝ ነው። ከኋላ በግራ በኩል ያለው የቡሎን ቀዳዳ በቀይ ቀለም ተከቧል። ያን ቀለም የቀባነው እኛ ነን፤ ነገ የሚፈታው ሰው እንዳይስተው ብለን።